ያበላ ደጅ

ጋሽ ዘለቀ መሞታቸውን የሰማሁት ከማላውቃቸው ሁለት ሹፌሮች ነው። አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር በምሠራበት ጎሚስታ በር ላይ ቆመው፣ የአንደኛው መኪና የኋላ ጎማ እስኪነፋ ይጠብቁ ነበር።

"ያ በአምቡላንስ የሚዞረው ሽማግሌ አረፈ አሉ።"

"የቱ? ሚስቱን ጭኖ ዘመድ የሚጠይቀው?"

"እሱ። መንገድ ላይ ነው የሞተው። መሪውን እንደጨበጠ።"

የነፋስ ቱቦው ከእጄ ወደቀ። ሹፌሩ "አንተ፣ ጎማዬን እኮ ነው" አለኝ። አንስቼ ነፋሁለት። ከዚያ አለቃዬን አስፈቅጄ ቤት ሄድኩ።

እናቴ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ነገርኳት። እጇ አላቆመም።

"በማን ደጅ?" አለች።

"እንዴት?"

"የሞቱት በማን ደጅ ነው?"

አላወቅኩም። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ጋሽ ዘለቀን የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ምንም አይጠይቅም።

ይህን የምጽፈው ስለ እሳቸው ነው። ስለ ወንድሜ ስለ ጴጥሮስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ደብዳቤም ማመልከቻም ለጎረቤት እጽፋለሁ። የእሱን ስም እጽፍና ግን እዚያው እቆማለሁ። በጋሽ ዘለቀ በኩል ከመጣሁ ምናልባት እደርስበት ይሆናል።

ጋሽ ዘለቀ አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ አንገታቸው ከትከሻቸው የተጣበቀ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአዲስ አበባ ሞያሌ የጭነት መኪና ነድተዋል። ከመነሣታቸው በፊት በትንሽ መዶሻ እያንዳንዱን ጎማ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ቁጡ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሻሸመኔ ላይ ረዳቱን በቀበቶ የሚገርፍ ሹፌር አገኙ። ቀበቶውን ቀምተው ሹፌሩን ራሱን ገረፉት። ሲጠየቁ "አልገረፍኩትም፤ እንዴት እንደሚያም ነው ያሳየሁት" ይሉ ነበር።

አባቴ ማርቆስ የእሳቸው ረዳት ነበር። እኔ ጡት ሳልጥል፣ ከያቤሎ ወዲያ ጎማ ሲቀይሩ ክሪኩ አሸዋ ውስጥ ሰጠመና መኪናው አባቴ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ዘለቀ በእጃቸው ሲቆፍሩ ጥፍራቸው ተነቀለ። ሲያወጡት አልቆ ነበር። በየኬላው "ሬሳ ነው" ብለው እንዳያስቆሟቸው፣ አባቴን ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ጋር በገመድ አሥረው፣ ፊቱን በጋቢ ሸፍነው፣ ለጠየቃቸው ሁሉ "ረዳቴ ነው፤ ተኝቷል" እያሉ አዋሳ ድረስ ነዱ። በራችን ላይ ሲደርሱ እናቴ ወጣች።

"አስቴር፣ ባልሽን አምጥቼልሻለሁ" አሏት።

እናቴ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ጋሽ ዘለቀ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተናግረው አልጠገቡም። ሬሳው ገብቶ እሳቸው በረንዳው ላይ እንደቆሙ እጃቸውን አየችው። ጥፍር የሌለው፣ አፈርና ደም የደረቀበት እጅ። በጆግ ውሃ አምጥታ አስታጠበቻቸው። እህል ሳይቀምሱ እንደመጡ ገብቷት ነበር። በራሳቸው ጣት መቁረስ አልቻሉም፤ እሷ አጎረሰቻቸው።

"ባሏን ሬሳ አድርጌ አመጣሁላት፤ አጎረሰችኝ" ይሉ ነበር። "እንዲህ ያለ ደጅ ይታለፋል?"

ሕጋቸው ይኸው ነበር። ያበላ ደጅ አይታለፍም። ቢቸኩሉም፣ ቢመሽባቸውም፣ ቢያማቸውም፣ አንድ ጊዜ ውሃ የሰጣቸውን ቤት ሳያዩ አያልፉም።

ጡረታ ሲወጡ አንድ የሚሲዮን ክሊኒክ በጨረታ የሸጠውን አሮጌ አምቡላንስ ገዙ። ናዝሬት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ራሳቸው ፈታተው ገጠሟት። በሽተኛ ይተኛበት በነበረው በኩል በጣውላ አልጋ ሠሩ፤ ከአልጋው ሥር ለድስትና ለስንቅ የሚሆን ረጅም ሣጥን። ከዚያ ሚስታቸውን እትዬ በላይነሽን ጫኑ። በየዓመቱ መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ይነሣሉ። ዝዋይ እህታቸው ጋ፣ ሻሸመኔ ጨው ነጋዴው ወዳጃቸው ጋ፣ አዋሳ እኛ ጋ፣ ቱላ አቶ ዳንጊሶ የሚባሉ ገበሬ ጋ፣ ዲላ የተዳረች ልጃቸው ጋ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ሞያሌ ድረስ።

እትዬ በላይነሽ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፋቸው የማይያዝ ሴት ናቸው። "ዕድሜዬን ሙሉ በር በር እያየሁ ጠበቅኩት" ይሉናል። "ሲመጣ ጠግቦ ይመጣል። ማን እንደሚያበላው እስቲ ልየው ብዬ ነው የተነሣሁት።"

"በየከተማው ሴት አለው ብላ ነው እንጂ" ይላሉ ጋሽ ዘለቀ።

"አለህ እንጂ። ይኸው አንዷ አስቴር። ሌላዋ ደግሞ ይቺ" ብለው የአምቡላንሷን ጎን በመዳፋቸው ይመታሉ። "ጣውንቴ" ነበር የሚሏት።

ማንም ቤት ውስጥ አያድሩም ነበር። አልጋ ከተቀበልን ልጆቹ መሬት ይተኛሉ ይላሉ። ግቢ አስገብተዋት ውስጧ ይተኛሉ። ከአንዱ ደጅ የተሰጣቸውን ደግሞ ለሚቀጥለው ደጅ ያደርሳሉ። የሻሸመኔው ጨው ለእኛ፣ የእናቴ በርበሬ ለዳንጊሶ፣ የዳንጊሶ ቆጮ ለዲላ። ዓይን ለዓይን ያልተያየን ሰዎች አንዳችን የሌላውን እጅ እንበላ ነበር። መምጣታቸውን የምናውቀው ከመታጠፊያው ላይ ሁለት ጊዜ ረዘም አድርገው ክላክስ ሲያደርጉ ነው። እናቴ የግቢውን ሁለቱንም የበር ክንፍ ትከፍታለች። ሁለቱም ክንፍ የሚከፈተው ለእነሱ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጴጥሮስ ልምጣ።

ጴጥሮስን የወሰዱት ከኳስ ሜዳ ነው። የአፈሳ ዘመን ነበር። ሐይቁ አጠገብ ያለውን ሜዳ በወታደር ከበቡና ተጫዋቹንም ተመልካቹንም ጫኑት። የሮጠውን በረኛ በሰደፍ አፉን መቱት፤ ጥርሱን ሲተፋ አይቻለሁ። እኔ ለቁመቴ ማነስ ተረፍኩ። ጴጥሮስ በቁምጣ ነበር የተጫነው። ከመኪናው ላይ ሆኖ ሸሚዙን ወረወረልኝ። "ለእማዬ ስጣት" አለ። ሌላ ነገር ለማለት ጊዜ አልነበረውም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ንጋት ተመለሰ። ጭኑ ላይ ቆስሎ፣ ከሆስፒታል ጠፍቶ፣ ገሚሱን መንገድ በእግሩ መጥቶ። ኮርኒሱ ውስጥ ደበቅነው። የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ወሬውን ደርሰውበት ኖሮ ይመላለሱ ጀመር። አንድ ጠዋት እናቴን "የት አለ?" እያሉ ደረቷን በሰደፍ መቷት። ወደቀች። ተነሺ ብለው ደገሟት። እኔን ሁለቱ ይዘውኝ ነበር። እናቴ ድምፅ አላሰማችም፤ ከላይ የሚሰማት ልጅ ነበራታ። ሲሄዱ ጴጥሮስ ወረደ። ክንዱ ይደማል። ዘልሎ እንዳይወርድ የገዛ ክንዱን ነክሶ ነበር። ጥርሱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል።

በዚያው ሰሞን መስቀል አለፈና ሁለት ረጅም ክላክስ ሰማን።

ምሳ ላይ ተቀምጠን ከኮርኒሱ አቧራ ወጡ ላይ ረገፈ። ጋሽ ዘለቀ ቀና ብለው አዩ።

"አስቴር፣ አይጥሽ ከባድ ናት" አሉ።

እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች አለቀሰች። ጴጥሮስ ወረደ። ጋሽ ዘለቀ በልጅነቱ ጋቢና አስቀምጠው መሪ ያስጨብጡት ነበር። ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ምን አደረጉህ?"

"ሰው አስገደሉኝ" አላቸው። "የገደልኳቸውም ያው እንደ እኔ ከሜዳ የታፈሱ ልጆች ናቸው።"

ጋሽ ዘለቀ ብድግ አሉ። ወጥተው የአምቡላንሷን የኋላ በር ከፈቱ። ከሣጥኑ ድስትና ስንቁን ሁሉ አወጡ። ሲመለሱ "ሞያሌ ድንበሩን እንደ ጓሮዬ ነው የማውቀው" አሉ። "የሚያሻግሩ ሰዎች አሉኝ። ነገ ጠዋት በጠራራ ፀሐይ እንወጣለን። ይቺን መኪና በቀን የማያውቃት የለም። በሌሊት ከሄደች ነው የምትጠረጠረው።" ወደ ጴጥሮስ ዞሩ። "እስከ ሞያሌ ትርፍ ጎማ ነህ። ትርፍ ጎማ አያወራም፣ አያስልም።"

እኔ አብሬ እንድሄድ ተወሰነ። ከዲላ ተመልሼ ማለፉን ለእናቴ እንድነግራት ነው። የተማሪ መታወቂያ ነበረኝ፤ እሱን ያየ አያፍሰኝም። እናቴ ጴጥሮስን ሣጥኑ ውስጥ እንደ ሕፃን አጥፋ አስተኛችው። ጸለየችለት። የምንጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ስለነበር ሹክ ብሎ መጸለይ ለምዳለች። ከሣጥኑ ላይ ፍራሹ ተነጠፈ፤ እትዬ በላይነሽ ታማሚ ሆነው ተኙበት።

ከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ወታደር በኋላ በኩል ገባ። ፍራሹን በሳንጃ ከእትዬ በላይነሽ ጉልበት አጠገብ ወጋው። ጣውላው ሲጮህ ሰማሁ። እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

"ልጄ፣ ከሥር ድስት ነው፤ ከላይ አሮጊት ናት። የቱን ነው የምትወጋው?"

ወታደሩ ሳቀ። ከስንቁ ስኳሩን አንሥቶ ወረደና ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ቱላ ስንቃረብ እትዬ በላይነሽ ተነሥተው ከጋቢናው ጋር የምታገናኘውን ትንሽ መስኮት አንኳኩ።

"ዘለቀ፣ ዛሬ እንለፍ።"

"የዳንጊሶን ደጅ?"

"ስንመለስ እናየዋለን። ልጁን አስብ።"

ጋሽ ዘለቀ ማርሽ ቀነሱ። "ሳንቆም ብናልፍ አገሩ ሁሉ 'ዘለቀን ዛሬ ምን ነካው?' ይላል" አሉ። "ደግሞ መኪናዋን ካያት ቆይቷል። ያውና፣ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ አፍታ ነው።"

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ይህን ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

አቶ ዳንጊሶ እውነትም መንገድ ዳር ቆመው ነበር። አዛውንት ናቸው፤ አማርኛቸው ቁጥብ ነው። ደጃቸው ላይ ሣር ጎዝጉዘዋል። ወተት ቀርቧል፣ ቆጮ በቅቤ ቀርቧል። የአምቡላንሷ መምጣት ለመንደሩ በዓል ነው። ልጆች ጎማዋ ላይ ተንጠላጠሉ፤ ጎረምሶች ኮፈኗን ከፍተው ሞተሯን ያያሉ። እትዬ በላይነሽ ታምሜያለሁ ያሉትን ረስተው ወርደው ከሴቶቹ ጋር ተሳሳሙ። እኔ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። በጉልበቴ ጎኗን ሁለቴ ነካሁ። ከውስጥ ጴጥሮስ በጣቱ ሁለቴ መለሰልኝ።

የምልመላ ኮታ የጎደለባቸው ታጣቂዎች ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። ያቺ መኪና በቆመችበት የመንደሩ ጎረምሳ ሁሉ እንደሚሰበሰብ። ከእንሰቱ መሀል በአራቱም አቅጣጫ ወጡ። ሴቶች ጮኹ። አንዱን ጎረምሳ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዘው ሲያሥሩት አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። አንዱን መሬት ላይ ጥለው በእግር ረገጡት። የአቶ ዳንጊሶ ልጅ ዱካለ፣ የእኔ እኩያ ነው፣ ወተት ይዞ ይመጣ ነበር። ቅሉን ጥሎ ሮጠ። መውጫ አጣ። የኋላዋ በር ተከፍቶ ነበር። ዘልሎ ገባ። ፍራሹን ገፍቶ የሣጥኑን ክዳን አነሣ።

መደበቂያ ያየ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? እዚያ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ በምን ያውቃል?

ተከትለውት የገቡት ታጣቂዎች አንድ ፈልገው ሁለት አገኙ።

ጴጥሮስን በእግሩ ጎትተው አወጡት። ጭንቅላቱ ደረጃው ላይ ተጋጨ። መሪያቸው የሱሪውን እግር በሳንጃ ቀደደና የጥይት ቁስሉን አየ። "ኮብላይ ነው" አለ። ከዚያ በሰደፍ ይቀጠቅጡት ጀመር። ጀርባውን፣ ከዚያ ቁስሉን፣ እንደገና ቁስሉን። የዚያን ድምፅ አልጽፈውም።

ጋሽ ዘለቀ የጎማ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ሲሮጡ አላየኋቸውም፤ ብቻ እዚያ ነበሩ። አንደኛውን ታጣቂ ትከሻው ላይ መቱት። ጠመንጃው ወደቀ፤ እሱም ወደቀ። ሌላውን ፊቱን አገኙት። ሦስት ሆነው ጣሏቸው። ቀኝ እጃቸውን የአምቡላንሷ መከላከያ ብረት ላይ አስደግፈው በሰደፍ አንዴ፣ ሁለቴ መቱት። ጣቶቻቸው እንደ ደረቅ እንጨት ነው የጮኹት። እሳቸው አልጮኹም። "ልጄን ልቀቁ" ብቻ ነው ያሉት።

በዚያ ግርግር ጴጥሮስ ተነሣ። በዚያ እግር እንዴት እንደተነሣ አላውቅም። ወደ እንሰቱ ሮጠ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ዱካለን የያዘው ታጣቂም ለቀቀውና ጠመንጃውን አነሣ። ተኮሱ። ጴጥሮስ ሁለት እንሰት መሀል ተደፋ። ትልቁ ቅጠል ላይ ጥይቱ ያለፈበት ቀዳዳ ነበር፤ ፀሐይ ገብቶበት ጀርባው ላይ አረፈ። ዱካለ በሌላው በኩል ጠፍቷል።

ለራሱ ነው የሮጠው ወይስ ያ ልጅ እንዲያመልጥ? አላውቅም። ይህን ስጽፍ እንኳ አላውቅም።

መሪያቸው "ሬሳውን ለቀበሌያችሁ አድርሱ፤ ሽማግሌውም እጁን እዚያው ይስጥ" ብሎ አዘዘና የታፈሱትን እየነዳ ሄደ። አቶ ዳንጊሶ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው የአምቡላንሷ አልጋ ላይ አነጠፉ። ጴጥሮስን ራሳቸው ተሸክመው አስተኙት። "በደጄ" ይሉ ነበር። "እንግዳዬን፣ በደጄ።" ሌላውን በሲዳምኛ ነው ያሉት።

ጋሽ ዘለቀ መሪው ጋ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል፤ ቅርፅ የለውም። በግራቸው መሪውን ያዙ።

"ማርሹን አንተ ያዝ" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"እነግርሃለሁ።"

ፍሪሲዮኑን ረገጡ። "አንደኛ" አሉ። አስገባሁ። ተነሣን። "ሁለተኛ።" አስገባሁ። "ሦስተኛ።" እንዲህ እያልን ነው ወንድሜን ወደ ቤት የመለስነው። እትዬ በላይነሽ ከኋላ ጭንቅላቱን ታቅፈውት ነበር። በትንሿ መስኮት "ቀስ በል፣ ዘለቀ፣ ቀስ በል" ይላሉ፤ እንደሚያመው ሁሉ። ኬላው ላይ ያ የሳቀው ወታደር በበሩ ሥር የሚንጠባጠበውን ደም አየ። ምንም ሳይጠይቅ ገመዱን አወረደ።

ወደ ቀበሌ አልሄዱም። ወደ ደጃችን ነው የነዱት። ክላክስ አላደረጉም። እናቴ ግን የሞተሩን ድምፅ ታውቀዋለች። ወጣች። ለመመለስ ጊዜው እንዳልሆነም ታውቃለች።

"አስቴር" አሏት ጋሽ ዘለቀ። የዱሮውን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አልወጣቸውም።

እናቴ የኋላውን በር ራሷ ከፈተች። ቆየች። ስትመለስ ጋሽ ዘለቀ በረንዳው ላይ እንደቆሙ እጃቸውን አየችው። ገብታ ውሃ በጆግ ይዛ ወጣች። ልታፈስላቸው ስትል አብዮት ጥበቃዎች ደረሱ። አንደኛው ጆጉን በእግሩ መትቶ ደፋው። ጋሽ ዘለቀን በዚያው በተሰበረ እጃቸው እየጎተቱ ወሰዷቸው። እኛን "ለከዳተኛ አይለቀስም" አሉን። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ልጇን ቀበረች።

ጋሽ ዘለቀ መንግሥት እስኪወድቅ ታሠሩ። ቀበሌው ግቢ የቆመችውን አምቡላንስ ዶሮ ሲሰፍርባት አይ ነበር። መንግሥቱ ወድቆ እስር ቤቱ ሲከፈት ወጥተው፣ እሷንም አስነሥተው ናዝሬት ገቡ ተባለ። መስቀል ሲቃረብ እናቴ በርበሬ አዘጋጀች። የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባች።

እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። አምቡላንሷ አለፈች። መሪው ላይ እሳቸው ናቸው፤ መሀል ላይ አንገቱን የደፋ ወጣት ተቀምጧል። እትዬ በላይነሽ በመስኮት አዩኝና ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። መታጠፊያችንን አለፉት። ሲመለሱም እንዲሁ።

ለእናቴ "ደጃችንን ዘለሉት" አልኳት። ተናድጄ ነበር።

"እኔ ያላበላኋቸው ነኝ" አለች። "ያን ቀን ሳላስታጥባቸው ሄዱ።"

ከዚያ ዓመት ዞረና የሞታቸውን ወሬ ሰማሁ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ እናቴና እኔ ግቢ ውስጥ እያለን ሁለት ረጅም ክላክስ ተሰማ። እናቴ ተነሣች። ተከትያት ወጣሁ።

እትዬ በላይነሽ ጥቁር ለብሰው ከጋቢና ወረዱ። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። በዚህ ደጅ ያልተለቀሰው ለቅሶ ሁሉ ያን ቀን ተለቀሰ። ጎረቤት ወጣ፤ የሚከለክል አልነበረም። መሪው ጋ ያለው ወጣት አልወረደም።

"በማን ደጅ?" አለች እናቴ በመጨረሻ።

"በማንም። ጥቁር ውሃ ልንደርስ ስንል፣ መንገድ ላይ። 'ዘንድሮ አስቴር ጋ እገባለሁ፤ ካባረረችኝ ታባርረኝ' አለኝ። ወዲያው መሪው ላይ ተደፋ። መኪናዋን ዳር ያስያዛት ይህ ልጅ ነው።"

"እዚህ ሥር ሆናችሁ? ለምን አላመጡልኝም?"

"በአንቺ ደጅ ሦስተኛ ሬሳ አላወርድም ብዬ ወደ ናዝሬት መለስኩት።"

እናቴ ወደ ጋቢናው አየች። "ይህ ማነው?"

እኔ አውቄው ነበር። ፊቱን ያየሁት ለአፍታ ነው፤ ያቺ አፍታ ግን አትረሳም።

"የዳንጊሶ ልጅ ነው" አልኳት። "ዱካለ።"

"ዘለቀ ከእስር ሲወጣ እጁ አልጨብጥ አለው" አሉ እትዬ በላይነሽ። "ዳንጊሶ ናዝሬት ድረስ መጣ። 'እጅህ የተሰበረው በደጄ ነው፤ በፈንታው እጅ ውሰድ' ብሎ ልጁን ሰጠው። ማርሹን ይቀይርለት ነበር። አምና ያለፍነውም ለዚህ ነው። 'ይህን ልጅ በሕይወት ይዤ በአስቴር ፊት እንዴት እቆማለሁ?' አለ።"

እናቴ ልጁን አየችው። ቁመቱን፣ ትከሻውን። ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ ወደ በሩ ሄደችና አንዱን ክንፍ ከፈተች። ሁለተኛውን በትከሻዋ ገፋችው።

"ይግባ" አለች።

ዱካለ ሞተሩን አስነሣ። ጠፋበት። ደግሞ አስነሣ፤ ማርሹ አልገባ ብሎ ጮኸ። ዞሬ በሌላው በር ገባሁ። ያን ቀን በተቀመጥኩበት ተቀመጥኩ። ማርሹን ያዝኩ። አየኝ።

"ርገጠው" አልኩት።

ፍሪሲዮኑን ረገጠ።

"አንደኛ" አልኩ፣ እንደ እሳቸው። አስገባሁ። አምቡላንሷ ቀስ ብላ ግቢያችን ገባች።

እናቴ በረንዳው ላይ ጆግ ይዛ ቆማ ነበር። እትዬ በላይነሽ ቀደም ሊሉ ሲሉ በዓይኗ አቆመቻቸው። ዱካለ ወርዶ ከፊቷ ቆመ። ቀና አላለም።

"እጅህን አምጣ" አለችው።